ዜሮ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ የጂኦሎጂና የነዳጅ ምህንድስና ተማሪዎች፣

ዕድሜዬን የገፋሁት ፈሳሽ በጥቅጥቅ አለት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ስለካ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መነሻ ግፊት፣ ማለትም ፈሳሹ መንቀሳቀስ ይጀምርበታል ስለሚባለው ትንሹ ግፊት ነው፤ ወጣት ተመራማሪዎች ፈጥነው የሚደመድሙበት ጉዳይ በመሆኑ ያሳስበኛል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራ፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ከግፊቱ ልዩነት ጋር እኩል እንደሚያድግና እኩል እንደሚቀንስ አሳየ። ፐርሚያቢሊቲያቸው፣ ማለትም ፈሳሽ የማሳለፍ አቅማቸው፣ በእርሱ ስም በተሰየመው መለኪያ ከአንድ ሚሊዳርሲ በታች በሆኑ አለቶች ላይ ግን፣ ለምሳሌ በቻይና ኦርዶስ ተፋሰስ በሚገኙት፣ ፍሰቱን ከግፊቱ ጋር የሚያሳየው የልኬት መስመር ዜሮ ግፊት ላይ ሳይደርስ የግፊቱን ዘንግ ሲቆርጥ፣ ማለትም ግፊት እያለ ፍሰቱ ዜሮ ሲሆን ይታያል። ብዙዎች ከዚያ ነጥብ በታች ፈሳሹ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ብለው ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ የታየው የመሣሪያው አቅም ወሰን ነው ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ፤ ምክንያቴንም በቁጥር ላሳያችሁ።

ስፋቱ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፐርሚያቢሊቲው 0.01 ሚሊዳርሲ የሆነ ናሙና ውሰዱ። በሜትር 0.1 ሜጋፓስካል የግፊት ልዩነት ብትሰጡት፣ በዳርሲ ሕግ መሠረት በቀን የሚያልፈው ውኃ 0.04 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም! በመውጫው ላይ የሚተነው ውኃ ብቻውን ሊውጠው ይችላል። ውኃውን ወደ ናሙናው የሚገፋው ፓምፕ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከያዘ፣ የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለዋወጥ ውኃው በ0.02 ሚሊ ሊትር ያብጣል ወይም ይኮማተራል፤ ይህም የግማሽ ቀን ፍሰት ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰዓት ጠብቆ «ፍሰት የለም» ብሎ መጻፍ አለቱን መበደል ነው።

ጉዳቱም በወረቀት ላይ አይቀርም። ውኃ በሚገባበትና ነዳጅ በሚወጣበት ጉድጓድ መካከል 20 ሜጋፓስካል ልዩነት ቢኖርና መነሻው በሜትር 0.05 ሜጋፓስካል ነው ብትሉ፣ ከ400 ሜትር በላይ የተራራቁ ጉድጓዶች አይገናኙም ማለታችሁ ነው። የጉድጓዶቹን ርቀት፣ ብዛታቸውንና የሚወጣውን ገንዘብ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

እውነተኛ መነሻ ግፊት የለም አላልኩም። በውኃ የተሞላ አለት ውስጥ ጋዝ ሊገባ ሲል ይኖራል። በቀዳዳዎቹ መገናኛ ያለው ጠባብ አንገት ራዲየሱ 0.1 ማይክሮ ሜትር ቢሆንና በጋዙና በውኃው መካከል ያለው የገጽ ውጥረት 0.05 ኒውተን በሜትር ቢሆን፣ አለቱ ውኃን ፈጽሞ የሚወድ ከሆነ 1 ሜጋፓስካል ገደማ ያስፈልጋል። ጋዝን ከሥር አፍኖ የሚያቆየው ክዳን አለት ይህን የሚያደርገው በዚሁ ኃይል ነው። እንግዲህ አንድ ፈሳሽ ብቻ ያለበትንና ሁለት ፈሳሾች የሚገፋፉበትን ሙከራ በአንድ ስም አትጥሩ።

ስትለኩ በመጀመሪያ በአለቱ ቦታ ድፍን ብረት አስገብታችሁ መሣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዩ። ሙቀቱን አጽኑ። ከዚያ ሁለቱንም ጫፎች ዘግታችሁ ግፊቶቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ለቀናት ጠብቁ። ከረጅም ጊዜ በኋላም ልዩነት ሳይጠፋ ከቀረ፣ ያን ጊዜ ስለ መነሻ ግፊት ልትናገሩ ትችላላችሁ። በሪፖርታችሁም ከዜሮው ጎን መሣሪያው ሊያይ የሚችለውን ትንሹን ፍሰት ጻፉ።

የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ገጽ ላይ ስለሚታይ፣ ብዙዎቻችሁ ናሙና ከዚያ እንደምትወስዱ አውቃለሁ። በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ ከያዙት አለቶችም አንዱ እርሱ ነው። ነገር ግን ገጹ ላይ ያለው በዝናብና በፀሐይ ተጎድቷል፤ ከሥር ያለው ደግሞ የላዩ ክብደት ቀዳዳዎቹን አጥብቦበታል። ስለዚህ የጥልቀቱን ጫና ሳትጭኑበት የለካችሁት ቁጥር ስለ ዓባይ ሸለቆው ድንጋይ እንጂ ስለ ካሉቡ አይናገርም።