ባለ ሰማያዊ ጅራቷ እንሽላሊት አለች ወይስ የለችም?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጅራቷ ሰማያዊ ስለሆነች እንሽላሊት ሰምቶ መጣና «አንዱ ጠፍታለች ይላል፣ ሌላው አለች ይላል፣ እናቴ የቱ ነው እውነቱ?» ብሎ ያዘኝ። ጅራቷስ ለምን ሰማያዊ ሆነ? (አንባቢ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ይቺ እንሽላሊት የክሪስማስ ደሴት ተወላጅ ናት። ደሴቱ ከጃቫ በስተደቡብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለ የአውስትራሊያ ግዛት ነው። በዱር ጠፍታለች፤ ሰው እያረባት ግን አለች።

ጅራቷ ሰማያዊ የሆነው ሕይወቷን ለማትረፍ ነው። ሊበላት የመጣ ጠላት ዓይኑ መጀመሪያ ጅራቷ ላይ ያርፋል፣ እሱን ሲይዝ ተበጥሶ ይቀርለታል፣ እሷ እግሬ አውጪኝ ትላለች። ጅራቱ በኋላ መልሶ ይበቅላል። ለልጅዎ ይህን ይንገሩት፣ በጣም ነው ደስ የሚለው።

ጅራቷ ያላዳናት ከእባብ ነው። በ1980ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዎልፍ ስኔክ የሚባል የእስያ እባብ ሰው ሳያውቀው ደሴቱ ላይ ገባ። እባቡ እንሽላሊቶችን አድኖ ይበላል፣ ያውም በሌሊት፣ እነሱ ተኝተው ሳለ። እንዲህ ያለ ጠላት አይተው የማያውቁ እንስሳት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ድሮ በየቦታው ትታይ የነበረችው እንሽላሊት ከ2010 ወዲህ እዚያ በዱር አልታየችም።

የተረፈችው ባለሙያዎች በ2009 ገና ጥቂቶች ሳሉ መሰብሰብ ስለጀመሩ ነው። 66 ያህል ይዘው እዚያው ደሴቱ ላይና ሲድኒ በሚገኘው ታሮንጋ የእንስሳት ማቆያ አራቧቸው። ዛሬ ያሉት ሁሉ የእነዚያ ልጆች ናቸው። የዚያው ደሴት የጫካ እንሽላሊት ግን አልታደለችም። የመጨረሻዋ፣ ጋምፕ የሚሏት፣ ወንድ ሳይገኝላት በ2014 ብቻዋን ሞተች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። እዚህ ላይ መዘግየት ማለት ዘር ማጣት ነው።

በ2019 ደግሞ 300 ባለ ሰማያዊ ጅራት እንሽላሊቶች እዚያው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባሉት ኮኮስ ደሴቶች ውስጥ ወዳለች፣ እባብ ወደሌለባት ፑሉ ብላን የምትባል ትንሽ ደሴት ተወስደው ተለቀቁ። ወደ ትውልድ ቦታቸው መመለሱ ግን እባቡ እዚያ እስካለ ድረስ አይታሰብም።