የአደራ ልጅ ያለበትን ቤት ማገዝ ለምትፈልጊው እህቴ

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በአደራ ቤተሰብ ዘንድ የሚያድጉ ሕፃናትን እንዴት ላግዝ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፤ እኔ የከፈልኩበትን ስሕተት አንቺ እንድትደግሚው አልፈልግም።

አንደኛ፣ ለአደራው ልጅ ብቻ ምንም ነገር ይዘሽ እንዳትገቢ። ፒያሳ አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት ከሁለቱ ልጆቿ ጋር የሰባት ዓመት ልጅ በአደራ ታሳድጋለች። ባዶ እጄን መግባት አሳፍሮኝ ለእርሱ አዲስ ጫማ ገዛሁለት። በሳምንቱ ስመለስ ልጁ አሮጌ ሸበጡን አድርጎ በር ላይ ቆሟል፤ ጫማው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እናቲቱ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ «እነዚያ ሲያለቅሱበት ራሱ አውልቆ ሰጠኝ» አለችኝ። ከቤቱ ልጆች እንደ አንዱ ለመሆን ስንት ወር የደከመበትን እኔ በአንድ ቀን አፈረስኩበት። ከዚያ ወዲህ ደብተሩንም፣ ዘይቱንም፣ ሳሙናውንም በእርሷ እጅ አስረክባለሁ፤ የምታከፋፍለው እርሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ነው። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ተስፋው የተጣለው እንዲህ ባሉ የአገር ውስጥ ቤቶች ላይ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰቦቹን የሚያደክማቸው የቢሮ ምልልስ ነው። ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወላጆች በሌሉ ጊዜ ልጁን ተቀብሎ የያዘው ሰው ልደቱን እንዲያስመዘግብ ቢደነግግም፣ የሄድንበት ቢሮ «የወላጆቹን መታወቂያ አምጡ» እያለ ሦስት ጊዜ መለሰን። ወላጅ ቢኖረው ኖሮ እዚያ ምን ያቆመን ነበር? ይባስ ብሎ ሠራተኛው እኔን «አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?» ካለኝ በኋላ ልጁ እየሰማ «የተጣለ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ የእናቲቱን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ እስከ ቤት ድረስ አለቀቀም። እባክሽ ካልተጠየቀ በቀር ልጁን ወደ ቢሮ አትውሰዱት። በአራተኛው ቀን ልጁን ጎረቤት ትተን፣ የአደራ ውሉን ከሁለት ኮፒ ጋር ይዘን፣ ኃላፊውን ካላነጋገርን አንወጣም ብለን ተቀመጥን፤ ከሰዓት በኋላ ተመዘገበ። እናቲቱ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍና ከራሷ ልጆች ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጣዋለች። ያን ቀን እስካሁን እኮራበታለሁ።

ሦስተኛው ስለ ማስጠናት ነበር፤ ነገር ግን እርሱን ልጆቹ ራሳቸው ያስተምሩሻል። ይልቅ በወረዳው ወይም ልጁን ባስረከበው ድርጅት በኩል ፈቃድ ይዘሽ ግቢ፤ የምትመጪበትንም ሰዓት ለእናቲቱ ቁርጡን ንገሪያት። እኔ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሦስቱንም ልጆች ስይዝላት እርሷ መርካቶ ደርሳ ትመለሳለች።