መልስ፦ ከገመዱ ጀምር

ወንድሜ፣ «ሦስት ድንኳን፣ አራት የጀርባ ቦርሳና አንድ የቆየ የገደል መውጫ ገመድ አለኝ፤ የቱን ላስወግድ?» ላልከው፣ ከገመዱ ጀምር። ለማንም እንዳትሰጠው፣ እንዳትሸጠውም። ናይለን ቁጭ ብሎም ያረጃል፤ ብዙ አምራቾች ከተመረተ 10 ዓመት ያለፈው ገመድ አንድ ቀን ባይወጡበትም እንኳ ይወገድ ይላሉ። ቆራርጠህ ዕቃ እሰርበት።

ድንኳኖቹን ዘርግተህ ከውስጥ በኩል ዳስሳቸው። እጅ ላይ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ካገኘህ ውሃ መከላከያ ቅቡ ተበላሽቷል፤ እሱን አሰናብት። ከቀሩት ቀለል ያለውን ያዝ።

ቦርሳ ላይ እኔም ልቤ አይጨክንም (አምስት አሉኝ!)። ለአንተ ግን ሁለት ይበቃሉ፦ አንዱ ለቀን ጉዞ፣ ሌላው ለአዳር።

የላባ መኝታ ከረጢት ካለህ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ብለህ ጠቅጥቀህ አታስቀምጠው፤ ላባው ከተጨፈለቀ እንደ ድሮው አያሞቅም። ሰፋ ባለ የጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ።