ጊዜው ያለፈበት ስላይድ ፊልም፦ ብርሃን አትጨምሪበት

ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አባትሽ በተዉት ቁም ሳጥን ውስጥ ኤክታክሮም 100 ቪኤስ የሚሉ ስላይድ ፊልሞች (ሲታጠቡ ኔጋቲቭ ሳይሆን ራሱን ምስሉን በትክክለኛ ቀለሙ የሚሰጡ) ከነካርቶናቸው አግኝተሻል። አንዱ ደግሞ ኮዳክሮም 64 ነው። ፒያሳንና ቸርችልን ልታነሺባቸው አስበሻል። ይሠራሉ ወይ? ካሜራው ስንት ላይ ይሁን? የት ይታጠባሉ? ነው ያልሽው።

ኮዳክሮሙን ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪው። ኮዳክ ማምረቱን ያቆመው በ2009 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሚታጠበው ደግሞ ኬ-14 በሚባል የራሱ ሂደት ብቻ ነበር፤ ቀለሙ ፊልሙ ላይ የለም፣ ሲታጠብ ነው የሚገባው። ይህን ሲሠራ የቀረው የመጨረሻው ቤት አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ ከተማ ነበር። እሱም በ2010 መጨረሻ ፊልም መቀበል አቆመ። ዛሬ ብታነሺበት በጥቁርና ነጭ ካልሆነ አይወጣም።

ኤክታክሮሙ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 እሱም ቆሟል፤ ግን የሚታጠብበት ኢ-6 የሚባለው ሂደት ዛሬም አለ። ኮዳክ ራሱ በ2018 አዲስ ኤክታክሮም አውጥቷል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዓመት ስታዪ ታዲያ የፈረንጅ መሆኑን አትርሺ። በእኛ ከቆጠርሽው ዕድሜውን ሰባት ስምንት ዓመት ታሳንሺዋለሽ። የአዲስ አበባ አየር ረድቶሻል፤ ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ጨርሶት ነበር። አሁን ላስቲክ ውስጥ አሽገሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው። ልታነሺ ስትይ ከጥቂት ሰዓት በፊት አውጪው፤ ወዲያው ከከፈትሽው ጤዛ ይይዘዋል።

ከአስተያየቶቹ አንዱ «በየአሥር ዓመቱ አንድ ስቶፕ ጨምሪ» ብሎሻል (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ይሄ ለኔጋቲቭ (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ለሚወጣው ፊልም) ነው! ኔጋቲቭ ሲያረጅ ጭጋግ ይይዘዋል፣ ብርሃን ስትጨምሪ ምስሉ ከጭጋጉ በላይ ይወጣል። ስላይድ ግን ተገልባጭ ነው። መጀመሪያ የሚታጠበው ብርሃን የነካው ክፍል ነው፤ ቀለም የሚሆነው የተረፈው ነው። ጭጋጉ ከዚያ ከተረፈው ላይ ይበላል። ስለዚህ ያረጀ ስላይድ ጥቁሩ ይሳሳል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ብርሃን ከጨመርሽበት የባሰ ይገረጣል። እኔ 100 የሚለውን ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ትብነት፣ አይኤስኦ ነው) ካሜራውን 100 ላይ አድርጌ ነው የማነሳው። የመጀመሪያውን ጥቅል ለሙከራ ሠዊው፤ አንዱን ቦታ በ100፣ ግማሽ ስቶፕ ጨምረሽ፣ ግማሽ ቀንሰሽ ሞክሪ። ሳይታጠብ ሌላውን አትንኪ።

ብርሃኑን በተመለከተ ከተማችን ከባድ ናት። ስላይድ የሚችለው ከደማቁ እስከ ጨለማው አምስት ስቶፕ ገደማ ብቻ ነው። ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቢ ቀትር ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ብታነሺ፣ ወይ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል ወይ ፊታቸው ይጠፋል። ሁለቱን አታገኚም። (ደግሞ አስፈቅደሽ አንሺ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው።) ላይት ሜትሩን (ብርሃን መለኪያውን) ወደ ነጠላው አድርገሽ ከለካሽ አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ክፈቺ፤ ጥለቱም ጥልፉም ይተርፋል። ፊታቸው ከጠቆረብሽ እሳቸውን ወደ ጥላ ውሰጂ።

ጥላውም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጥርት ባለ ቀን ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማዩ የመጣ ሰማያዊ ነው። ዓይናችን ለምዶት አያየውም፣ ስላይዱ ግን ሳያዛንፍ ይመዘግበዋል፣ ነጠላው ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። 81ኤ የሚባለውን ሞቅ የሚያደርግ ማጣሪያ ካገኘሽ ሌንሱ ላይ ግጠሚው። ስካይላይትም ትንሽ ይረዳል።

ለቸርችል ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሂጂ። ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ወደ ለገሃር ቁልቁል ስታዪ ፀሐይዋ በግራሽ ትሆናለች፣ በቀኝ ያሉት ሕንፃዎች ፊታቸው ይበራል። ቪኤስ የተሠራው ቀለም ለማድመቅ ነው፤ ቀዩና ቢጫው ይፈነዳል። መስከረም ላይ አደይ ባለበት ብታነሺ አትቆጪም። የታክሲዎቹ ሰማያዊ ግን በአሮጌ ፊልም ወደ ወይን ጠጅ ሊሄድብሽ ይችላል። እኔ ይህን እወደዋለሁ፣ ጓደኞቼ ያፌዙብኛል።

ማጠቡ ላይ መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያውና ጥሩው ሦስት መታጠቢያ ያለው የኢ-6 ኪት (የኬሚካል ጥቅል) አስመጥቶ ቤት ማጠብ ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ላይ አንድ ዲግሪ ከተንሸራተተ የፎቶው ድምቀት ይለወጣል። ሰፊ ሳፋ ሙቅ ውሃ ሙዪና ጠርሙሶቹን ከነቴርሞሜትሩ ውስጡ አቁሚ፤ መብራት ቢጠፋም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ደቂቃውን ከኪቱ ወረቀት ውሰጂ፣ ከኢንተርኔት አትልቀሚ።

ሁለተኛው ሲ-41፣ ማለትም የቀለም ኔጋቲቭ፣ የሚያጥብ ፎቶ ቤት ካገኘሽ በኔጋቲቭ ኬሚካል ማሳጠብ ነው። የሚወጣው ስላይድ ሳይሆን ቀለሙ የተመሳቀለ ኔጋቲቭ ነው፣ ለጨዋታ ይሆናል። ስላይድ መሆኑን ሳትነግሪ ግን አትስጪ።

ሦስተኛው ውጭ በሚሄድ ሰው መላክ ነው። ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፣ የተጫነ ሻንጣ የሚያልፍበት ኤክስሬይ ፊልም ይጎዳል። በእጁ ይያዘው፣ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይሁን፣ ፍተሻ ላይ በእጅ እንዲያዩለት ይጠይቅ። እምቢ ካሉት ግን አይጨቃጨቅ፣ የሲቲ ማሽን (ጨረሩ የበረታው አዲሱ የፍተሻ መሣሪያ) ካልሆነና ደጋግሞ ካላለፈ 100 የሆነ ፊልም ይችለዋል። የትኛውን መንገድ እንደመረጥሽ ጻፊልኝ፤ ቤት የምታጥቢ ከሆነ ትርፍ የፊልም ታንክ ስላለኝ አውስሻለሁ።