የሴቶች ማደሪያና የብሪታንያው ፍርድ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በባሕር ዳር የሕግ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን በክፍላችን «ፎር ዊሜን ስኮትላንድ» ስለሚባል የሴቶች ማኅበርና በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስላገኘው ውሳኔ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «ፍርድ ቤቱ ትራንስጀንደር የሚባሉትን (ፆታችን ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው የተለየ ነው የሚሉትን) ሰዎች መብት ሙሉ በሙሉ ሰርዟል» ሲል፣ ሌላው «ሴት ማን እንደሆነች ለዓለም ሁሉ ተወሰነ» ይላል። ማኅበሩ ምን ፈልጎ ተነሣ? ፍርድ ቤቱስ የወሰነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ ፍርዱ ካለው በላይ ተናግረዋል። ነገሩን ከመነሻው እንየው።

በብሪታንያ አንድ ሰው ሲወለድ ከተመዘገበበት ፆታ ወደ ሌላው ተዛውሮ በሕግ እንዲታወቅ፣ ለዚህም «የፆታ ዕውቅና ምስክር ወረቀት» እንዲያገኝ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ምክንያቱም የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2002 አገሪቱ የእነዚህን ሰዎች የግል ሕይወትና የጋብቻ መብት ጥሳለች ብሎ መወሰኑ ነበር። ሕጉ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው፣ የሐኪም ማስረጃ ያለውና ቢያንስ ለ2 ዓመት በመረጠው ፆታ የኖረ መሆን ይኖርበታል። የስኮትላንድ መንግሥት ይህ አሠራር ሰውን ያንገላታል ብሎ የሐኪሙን ማስረጃ የሚያስቀር፣ ዕድሜውን ወደ 16 ዝቅ የሚያደርግ፣ ለአዋቂዎችም የሚጠበቀውን የኑሮ ጊዜ ወደ 3 ወር የሚያሳጥር ረቂቅ አቀረበ። በራስ መግለጫ ፆታን ማስመዝገብ የሚባለው ይህ ነው፤ አርጀንቲና በ2012፣ ዴንማርክ በ2014፣ አየርላንድም በ2015 ቀድመው ተቀብለውታል። የስኮትላንድ ምክር ቤት ረቂቁን በታኅሣሥ 2022 በ86 ድምፅ ድጋፍና በ39 ተቃውሞ ቢያጸድቀውም፣ የለንደኑ መንግሥት ከዚያ በፊት ተጠቅሞበት በማያውቀው ሥልጣን በሚቀጥለው ወር አገደው።

«ፎር ዊሜን ስኮትላንድ» የተመሠረተው ይህ ክርክር በተጋጋለበት በ2018 ነው። የመሥራቾቹ ሥጋት በደረሰባቸው የወሲብ ጥቃት ምክንያት የተጠለሉ ሴቶችን፣ ሴት እስረኞችንና የሆስፒታል ታካሚዎችን ይመለከት ነበር። የሰው ቃል ብቻ በቂ ከሆነ፣ የሴቶች መጠለያ የምትመራ ሴት «ይህ ቤት ለሴቶች ብቻ ነው» የምትልበት ሕጋዊ መሠረት ይጠፋል ብለው ሠጉ። በሌላ ወገን ያሉት ትራንስጀንደር ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው ደግሞ እኛው ራሳችን የጥቃት ሰለባዎች ነን፣ ማንነታችንን በሐኪም ፊት እንድናስመሰክር መገደዳችን ክብራችንን ይነካል፣ ጥቂት ወንጀለኞች ሊፈጽሙት በሚችሉት ነገር ሁላችንም ልንጠረጠር አይገባም ሲሉ ተከራክረዋል። ሁለቱም የሚናገሩት የደረሰባቸውን ይዘው ነውና አንዱን ሰምቶ ሌላውን ማሳለፍ አይገባም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው ክስ ስለ መጸዳጃ ቤትም ሆነ ስለ እስር ቤት የተመሠረተ አለመሆኑን ነው። የክሱ ምክንያት በ2018 የወጣ፣ በመንግሥት ተቋማት ቦርዶች ውስጥ ግማሹ መቀመጫ በሴቶች እንዲያዝ የሚጥር የስኮትላንድ ሕግ ነበር። ማኅበሩ በዚህ ሕግ ውስጥ «ሴት» የተባለችው ማን ናት ብሎ ጠየቀ። በየካቲት 2022 የመጀመሪያውን ክስ ረታ፤ የስኮትላንድ መንግሥት የሕጉን መመሪያ አሻሽሎ የፆታ ዕውቅና ምስክር ወረቀት ያላቸውን ከሴቶች ሲቆጥር ግን ማኅበሩ እንደገና ከሰሰና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በይግባኝም በኅዳር 2023 ተረታ። ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሳይለውጥ፣ ወጪውን ከደጋፊዎቹ መዋጮ እየሸፈነ፣ ወደ መጨረሻው ችሎት መሄዱ የሚደነቅ ጽናት ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2025 አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ የቦርዶቹ ሕግ ትርጉም በሚንተራስበትና አድልዎን በሚከለክለው በ2010ሩ የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» እና «ፆታ» የሚሉት ቃላት በተፈጥሮ የተወለዱበትን ፆታ እንደሚያመለክቱ ወሰኑ።

የሕግ ተማሪ እንደመሆንዎ፣ ከውጤቱ ይልቅ ምክንያቱን እንዲያጠኑ እመክራለሁ። የእኩልነት ሕጉ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ የሚደነግጋቸው አንቀጾች በሰውነት ላይ የቆሙ ናቸው፤ እኛም ዘንድ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ፣ የሚናገረው ስለምታረግዝና ስለምትወልድ ሴት እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። ከዚህ በላይ እኔን ያሳመነኝ ሁለተኛው ምክንያት ነው። የምስክር ወረቀቱ ምሥጢር ስለሆነ አገልግሎት ሰጪው ያለውንና የሌለውን ሰው ለይቶ ሊጠይቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ በወረቀቱ ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ፣ በኑሮአቸው ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በማይታይ ወረቀት ምክንያት የተለያየ መብት ይኖራቸው ነበር፤ በበሩ ላይ የቆመውም ሠራተኛ ሊያስፈጽመው አይችልም ነበር።

ፍርዱ መብት ሰርዟል ላሉት ጓደኛዎ የምመልሰው ይህን ነው፦ ትራንስጀንደር ሰዎችን ከአድልዎና ከትንኮሳ የሚጠብቀው የዚያው ሕግ ድንጋጌ እንደጸና ፍርድ ቤቱ በግልጽ አስፍሯል፤ ፍርዱን ያነበቡት ዳኛ ሎርድ ሆጅም ውሳኔው የአንዱ ወገን በሌላው ላይ ድል ተደርጎ እንዳይቆጠር አሳስበዋል። «ለዓለም ሁሉ ተወሰነ» ላሉትም፣ ዳኞቹ የተረጎሙት የአንዲት አገርን አንድ ሕግ ነው። በሂደቱ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ሁለት ትራንስጀንደር የሕግ ባለሙያዎች በክርክሩ እንዲገቡ ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። ኑሮአቸው የሚለወጠው ሰዎች ከራሳቸው አንደበት ሳይሰሙ የተሰጠ ፍርድ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ቅሬታን ይተክላል፤ «አምኔስቲ ኢንተርናሽናል» በእነሱ በኩል መከራከሩ ይህን አይተካውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በከተማችን ባለ አንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ሆኜ እሠራለሁ። ያ የውጭ አገር ወሬ ከተሰማ ወዲህ በእኔ ፎቅ ያሉ ልጆች በአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ላይ ተነሥተዋል። ልጅቷ ቁመቷ ረዘም፣ ድምፅዋም ወፈር ያለ ነው፤ አገጭዋ ላይም ፀጉር ይበቅላል። «ወንድ ሳትሆን አትቀርም፣ ትመርመርልን ወይም ትውጣልን» ብለው ፈርመው ወረቀት አምጥተውልኛል። እሷም ገላዋን የምትታጠበው ሁሉም ከተኙ በኋላ ሆኗል፤ ምግብም ብቻዋን ነው የምትበላው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ አስቀድመው ይህን ይወቁ፤ ልጅቷን ማንም ሊመረምራት አይችልም። እርስዎም፣ ፎቁ ላይ ያሉት ልጆችም፣ የግቢው ጥበቃም ይህ ሥልጣን የላችሁም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱን ይጠብቃል፤ በወሬ ተነሥቶ የሰው ገላ ይታይልን ማለት ሁለቱንም ይጥሳል።

ልጆቹ የሰሙት ክርክር እዚህ የለም። በአገራችን አንድ ሰው በራሱ መግለጫ ፆታውን ለውጦ የሚመዘገብበት ሥርዓት ስለሌለ፣ ማደሪያው የሚሠራው ተማሪዋ ስትገባ በተመዘገበው ማስረጃ ነው። የእርስዎም ሥራ እዚያ መዝገብ ላይ ያበቃል። አገጭ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር በተመለከተም፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች በአንዷ ገደማ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ፀጉር እንዲበዛ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቁመትና ድምፅማ በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው። በብሪታንያም ፍርዱን የተቹ ሰዎች ከፈሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ለሴቶች ጥበቃ ተብሎ የወጣ ደንብ መልካቸው ከተለመደው የራቀ ሴቶችን ራሳቸውን በየበሩ እንዳያስጠረጥር።

እኛ ዘንድ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቦታ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ዳርቻ ባሉ ጠበሎች ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይጠመቃሉ፤ በሴቶቹ በኩል የምትገባ ሁሉ ገመናዋ ተሸፍኖላት ትገባለች እንጂ መልኳ እየታየ አትለይም። ማደሪያውም በዚህ ልክ ሊጠበቅ ይገባል። ልጆቹ የጠየቁት ደኅንነት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር መቀርቀሪያ ማሠራትና በኮሪደሩ የጠፋውን መብራት ማስቀየር ነው። አንዲት ተማሪ ተሸሽጋ ሌላዋን ብትመለከት ወይም በስልክ ብትቀርጽ፣ ጥፋቱ በድርጊቱ ይታያል፤ ያደረገችው ማንም ትሁን።

የፊርማውን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡት። ፈራሚዎቹን በቡድን አይሰብስቡ፤ አንድ በአንድ ጠርተው ጥያቄያቸው ተቀባይነት እንደሌለውና ወሬውን መቀጠል በተማሪዎች ሥነ ሥርዓት እንደሚያስጠይቅ ይንገሯቸው። ከዚያ ልጅቷን ቢሮዎ ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ስለ ገላዋ ምንም ሳይጠይቁ ምን እንደምትፈልግ ብቻ ይጠይቋት። ሐኪም ማየት ከፈለገች ወደ ክሊኒክ፣ አቤት ማለት ከፈለገችም ወደ ግቢው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አብረዋት ይሂዱ። ክፍል መቀየርን ልጆቹ ስለጠየቁ አይፍቀዱ፤ እሷ ራሷ ከጠየቀች ግን ሳይዘገዩ ይቀይሩላት።