ቅንጭቡ፣ ጀሪካኑና ቆሎው፦ ስለ ገጠር አፀደ ሕፃናት ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት በየገጠሩ አፀደ ሕፃናትንና ኦ ክፍልን (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የመዘጋጃ ክፍል) ስከታተል ነው የኖርኩት። መምህራንም ወላጆችም የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ስለ መጀመሪያ ርዳታ የምለው ጤና ጣቢያ እስክትደርሱ ድረስ ላለው ጊዜ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አንድ ክፍል፣ 60 ልጅ፣ መምህርቷ እኔ ብቻ። በጀት የሚባል ነገር የለም። ከምን ልጀምር?

ሰላም እህቴ። ከግቢው ጀምሪ። ነገ ልጆቹ ሳይመጡ ቁጢጥ እያልሽ፣ በእነሱ ቁመት ሆነሽ ዙሪው። የሚገድልና አካል የሚያጎድል ነገር ይቀድማል፣ የግድግዳ ሥዕሉ ይቆየን። ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ሚስማር የወጣበት ጣውላ፣ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ።

ቀጥሎ አጥሩ ምን እንደሆነ እይ። ብዙ ቦታ ቅንጭብ ነው። ልጅ ቀንበጡን ሰብሮ ሲጫወት የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይኑንም ሊጎዳው ይችላል። የቁልቋል ወተትም ያው ነው። ንቀሉት አልልም፤ ከብቱን የሚመልሰው እሱ ነው። ግን ከውስጥ በኩል አንድ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ የእንጨት ርብራብ ይሠራ፣ እጃቸው እንዳይደርስ። ከገባበት ሳይታሽ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ጉሎና አስተናግር ካሉ ግን ምሕረት የለም፣ ከነሥራቸው ይነቀሉ። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና የሚያምር ነው፣ ልጅ ያነሳዋል፣ ያኝከዋል፤ መርዝ ነው።

60 ልጅ ብቻሽን መጠበቅ አትችዪም፣ ማንም አይችልም። ወላጆችን ሰብስበሽ በቀን አንዲት እናት ተራ እንድትገባ አድርጊ። እንድታስተምር አይደለም፣ ዓይን እንድትሆንሽ ነው። ልጆቹንም ሲገቡ፣ ከዕረፍት ሲመለሱና ሲወጡ ቁጠሪ። ይህ ሳንቲም አያስወጣም፤ ከጎበኘኋቸው ማዕከላት ውስጥ ግን አዘውትረው የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱ የትልልቆቹ ተማሪዎች ነው። የእኛዎቹ ፈርተው ከጓሮው ይጸዳዳሉ።

መፍራታቸው ልክ ነው። ቀዳዳው ለእግራቸው ሰፊ ነው፣ ውስጡም ጨለማ። ለጊዜው ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ጣውላ በላዩ ላይ በደንብ ይመታ፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል። ከጣሪያው ሥር ብርሃን የሚገባበት ክፍተት ይተውለት። በሩም ከውጭ የሚቆለፍ አይሁን። አጠገቡ በእግር የሚረገጥ እንጨት የታሰረበት ጀሪካን ይሰቀል፣ ሳሙናው በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ይንጠልጠል፣ ሳሙና ሲታጣ አመድ። እጅ ብቻ አይደለም፣ ፊትም ይታጠቡ። ትራኮማ፣ ያ ዝንብ የሚያዛምተው ዓይን የሚያጠፋ በሽታ፣ ባለበት አካባቢ ዝንብ የሚያርፍበት የልጅ ፊት ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን እናስቀምጣለን። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው ክሎሪን) ብቻውን ይበቃል?

እኔ ደግሞ ልጠይቅ፦ ጀሪካኑ በፊት ምን ነበረበት? የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ ከሆነ በአሸዋም ይታሽ፣ በፈላ ውሃም ይቀቀል፣ ለመጠጥ አይሆንም። ምን እንደነበረበት የማይታወቅም አይገባም። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ ይጠለል፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ውሃ አጋር ይጨመር፣ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጣ። መቅጃው እጀታ ያለው ይሁን፣ ልጆቹ ኩባያቸውን አይንከሩበት።

እግረ መንገዴን፣ በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ማስቀመጥ ይቅር። ለልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው። የጠጣ ልጅ ካጋጠመ እንዲያስመልሰው አይሞከር፣ ወተትም አይጋት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ጥያቄ፦ ለመክሰስ ቆሎ ቋጥረው ይመጣሉ። ችግር አለው?

አለው። ሽምብራና ኦቾሎኒ ያለበት ይብሳል። ለትንንሾቹ ጭራሽ አይሰጥ፤ ቂጣ፣ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች ይቋጠርላቸው። ማንኛውም ልጅ ደግሞ ተቀምጦ ይብላ፣ እየሮጠ አይደለም። ያነቀው ልጅ የሚያስል ከሆነ ይሳል፣ አትንኩት። ድምፁ ከጠፋ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በመዳፍ ሥር በትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት ከፍ ብሎ በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ይህ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት መክተት የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ሲጫወት ነው የሚውለው። ቄስ ትምህርት ቤት ብልከው ፊደል በለየ ነበር።

አባቴ፣ ይለይ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤትን አላናንቅም። ግን ማታ ሲመጣ «ምን ተማርክ» ከማለት «ምን ሠራችሁ» ይበሉት። ቆርኪ በአሥር በአሥር ከደረደረ ቆጥሯል፣ በጭቃ በሬ ከሠራ ጣቱ ለእርሳስ ተዘጋጅቷል፣ ተረት ደግሞ ከነገረዎ ቋንቋው እየሰፋ ነው። ዝም ብሎ ሜዳ ላይ ተለቆ ከዋለ ግን ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ሄደው መምህርቷን ይጠይቁ። ሥራ የያዘ ልጅ ወደ ወንዝ አይሄድም።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጅ ከእህቱ ጋር ይመጣል። ልመልሰው?

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉ 2 ዓመታት ያደርገዋል፤ የ3 ዓመት ልጅ ለዚያ አልደረሰም። ከመለስሽው ግን እህቱም ልትጠብቀው ቤት ትቀራለች። እኔ ብሆን እቀበለዋለሁ። ስሙ ይመዝገብ፣ የክትባት ካርዱን የጤና ኤክስቴንሽኗ ትየው፣ ምንጣፉ ለብቻ ይሁን፣ ቆርኪና ባቄላ ከአጠገቡ ይራቅ።

ጥያቄ፦ አርጩሜ ሳይያዝ ይሆናል?

ይሆናል፤ መሆንም አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል።

ጥያቄ፦ ውሻ የነከሰው ልጅ ነበረን፤ ውሻው ይታይ ተብሎ ቆየ።

አይቆይም። ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ውሻውን ሌላ ሰው ይከታተለው።