ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የእናቴ ክንድ አብጧል፣ ፊዚዮቴራፒ ያለው ደግሞ ጅማ ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከ5 ወር በፊት ጅማ የጡት ካንሰር ኦፕሬሽን ተደርጎላት ግራ ጡቷና የብብቷ እጢዎች ወጥተዋል። አሁን በየ21 ቀኑ ለኬሞ፣ ለካንሰሩ መድኃኒት፣ እንመላለሳለን። የምንኖረው ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግራ ክንዷ እያበጠ ነው፣ ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አቅቷታል፣ ምግብም አስጠልቷታል። አንዲት ነርስ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና፣ ያስፈልጋታል አለችን፤ ግን በየሳምንቱ ጅማ መመላለሱን ኪሳችን አይችለውም። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ጋ ውሰጂያት ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወጌሻው ልጀምር። አትውሰጃቸው። ወጌሻ ስንት የተወለቀ ትከሻ መልሶ ይሆናል፣ ይሄ ግን የአጥንት ጉዳይ አይደለም። የብብት እጢዎች ሲወጡ ከክንድ ወደ ላይ የሚመለሰው ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ መንገድ ያጣል፣ እዚያው ይጠራቀማል፣ ክንድ ያብጣል። ይህን በኃይል ማሸት፣ ዋግምት ማድረግ ወይም በምላጭ መብጣት ቆዳውን አቁስሎ ኢንፌክሽን ያመጣል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እዪ። እብጠቱ በድንገት የመጣ ነው? ክንዱ ቀልቷል፣ ያተኩሳል፣ ያማቸዋል? እንዲህ ከሆነ ኢንፌክሽን ወይም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው 38 ዲግሪ ትኩሳት ብቻውን ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር የለም። ቀስ ብሎ የመጣ እብጠት ቢሆንም ሐኪሙ ብብታቸውን መዳሰስ አለበት፣ በሽታው ተመልሶ እንዳይሆን።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ፣ በየሳምንቱ መመላለስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ትከሻ ፊዚዮቴራፒ በአብዛኛው ትምህርት ነው፤ አንዴ በደንብ ይታያሉ፣ ይማራሉ፣ የቀረው የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ለኬሞ በምትመጡበት ቀን ጠዋት፣ ጉሉኮሱ ከመተከሉ በፊት፣ «ዛሬውኑ ፊዚዮቴራፒና የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ ላኩን» በሉ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላያስታውሳችሁ ይችላል። እኛ ሐኪሞች ካንሰሩን ካወጣን፣ ኬሞውን ካዘዝን ሥራው ያለቀ ይመስለናል፤ እኔም የፊዚዮቴራፒ ወረቀት ሳልጽፍ የሸኘኋቸውን ሰዎች ሳስብ አፍራለሁ። አንቺም አብረሽ ግቢ። ባለሙያው እንቅስቃሴውን ሲያሳያቸው አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅረጪው፣ ለእናትሽ አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው ከሆነ በዚያው እንዲያስረዳቸው ጠይቂ። ሌላው፣ ሳትወጡ ለጤና ጣቢያችሁ የሚሆን የመልስ ሪፈራል አስጽፉ፦ ምን እንደተደረገላቸው፣ ምን መከታተል እንዳለበት። በዚያ ወረቀት ጤና ጣቢያው ክንዱን ሊከታተል ይችላል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ስትመጣ ምን እንደምታይ ታውቃለች። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ሪፈራሉን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በየእርከኑ አስይዙ፤ ዘላችሁ ከመጣችሁ ወጪው ራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እስከዚያው የኦፕሬሽኑ ቁስል ከዳነ፣ ከላይ ያልኩት የአደጋ ምልክትም ከሌለ፣ ይቺን ይሞክሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቁሙ፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች እንደ ሸረሪት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያስኪዱ። መሳብ ሲሰማቸው ትንሽ ቆይተው ይመልሱ። የደረሱበትን በከሰል ምልክት አድርጊበት፣ ነገ ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ለማለት ይሞክራሉ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል። ቆዳው ቢሳብ ምንም አይደል፣ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ያቁሙ። ሲቀመጡ ክንዱን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው፣ ጡጫቸውን ጨበጥ ፈታ ያድርጉ። ክንዱን በነጠላ አስሮ ማንጠልጠልማ ትከሻውን ጭራሽ ያደርቀዋል። ባንዴጅም በራሳችሁ አትጠቅልሉ፤ እብጠቱን ጫን ብሎ የሚይዘው ልዩ እጅጌ ተለክቶ ነው የሚደረገው፣ የሚገኝ እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቂው።

ቆዳው ደግሞ ከሁሉ በላይ መጠበቅ አለበት። በየቀኑ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ። እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ እንዳያቃጥላቸው፤ ቡና ሲለቅሙ ጓንት ያድርጉ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በዚያ እጅ ማንጠልጠል ለጊዜው ይቅር። ቀለል ያለ የቤት ሥራ ግን ይሥሩበት፣ መንቀሳቀሱ ለፈሳሹም ጥሩ ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ማቅረብ ይቅርና ትንሽ ትንሽ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይቅረብላቸው። የወጥ ሽታ የሚያስጠላቸው ከሆነ በሰል ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይሞክሩ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ በሶ፣ የፈላ ወተት። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ኬሞው እስኪያልቅ የለም። ማስመለስን የሚያስታግሰው መድኃኒት ካልሠራላቸው ንገሩ፣ ይቀየራል።

ላታልልሽ አልፈልግም፣ ይህ እብጠት ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በጊዜ ከተያዘ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል፣ ይቀንሳልም። ለዚህ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ማታ ሁለቱንም ክንዶች ከክርናቸው ግማሽ ስንዝር ከፍ ብለሽ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና ጻፊው። ሜትር ከሌለሽ በክር ለክተሽ የደረሰበት ላይ ቋጥሪ፤ በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ድገሚው፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮም ክሩን ይዘሽው ነይ።